ስለ ሸማ ጥለትና ስለ ልብስ ሱቅ በሐይቅና በአምባሰል

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውንም ውል ሊቃውንት በየአንቀጹ መርምረውታል። መነኮሳቱን፣ መኳንንቱንና ገበሬውን ያለበሰው የሸማኔ ሥራ ግን ከሰው ትዝታ በቀር ብዙ መዝገብ የለውም። ስለዚህ ትዝታው ምን እንደሚያስረዳ፣ ምንስ እንደማያስረዳ ለይቶ መመልከት ይገባል።

ዛሬ የባህል ልብስ የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቅ ይሄዳል። በቀድሞው ሥርዐት ግን ተሠርቶ የተሰቀለ ልብስ የሚመረጥበት ሱቅ ዋና ነገር አልነበረም። እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ በሐይቅና በአምባሰልም ከቆላ የመጣውን ጥጥ ሴቶች ይዳምጡት፣ በደጋን ይነድፉት፣ በእንዝርት ይፈትሉት ነበር። ባለቤቱ ድሩንና ማጉን ይዞ ከሸማኔው ዘንድ ይሄድና ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታ ወይም ቡልኮ ያዝዛል፤ ርዝመቱን በክንድ ይነጋገራሉ፤ ጥለቱም በዚያው ይወሰናል። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓድ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያመላለሰ ሠርቶ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። እንግዲህ አንድ ጋቢ የሸማኔው ብቻ ሳይሆን የፈታይዋም ሥራ ነበር። በወሎ ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ አርጎባዎችም በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ክርስቲያኑ ለቤተ ክርስቲያን የሚያጣፋው ነጠላ ከሙስሊም ሸማኔ እጅ የወጣ ሊሆን ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉን የሚያለብሰው ሰው በሁሉ ዘንድ አልተከበረም፤ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለሸማኔ የወጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ስለ ሸማኔ የተጻፈው ማነሱም ከዚሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ጥለቱስ ምን ይናገር ነበር? ባለ ቀይ ጥለቱ ጃኖ የክብር ምልክት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከዚህ ባሻገር ግን ትርጉሙ ከጥለቱ ዐይነት ይልቅ በአለባበሱ ይገኝ ነበር። በጌታው ፊት የቆመ ያደገድጋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም መስቀለኛ ያጣፋል፤ ኀዘንተኛ ጥለቱን ወደ ፊቱ ያዞራል። አንዱ ነጠላ እንደ ዕለቱ ልዩ ልዩ ነገር ይናገር ነበር።

ኋላ አቡጀዲና የውጭ አገር ፈትል ገበያውን ሲይዙ እንዝርት እየተተወ ሄደ። የባሕር ዳር ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፣ የኮምቦልቻውም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተቋቋሙ። ደንበኛውና ሸማኔውም ተለያዩ፤ በመካከላቸው ነጋዴው ገባ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሱቆች ልብሱ «የወሎ»፣ «የጎንደር»፣ «የራያ» እየተባለ ይሸጣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ጥለቱ በማተሚያ የታተመበት የቻይና ጨርቅ አብሮ ይሰቀላል።

የስኮትላንድ ታሪክ እዚህ ላይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የደገኞቹ ልብስ፣ ማለት ኪልት የሚባለው ሽንሽን ጉርድና ታርታን የሚባለው ባለ መስመር ሱፍ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1746 በሕግ ተከልክሎ በ1782 ተፈቀደ። በባኖክበርን ከተማ የነበረው የዊልሰን የሽመና ድርጅት ጥለቶቹን በቁጥር፣ በከተማና በጎሣ ስም እየለየ ይሸጥ ነበር፤ በ1819ም የጥለት መዝገብ አዘጋጀ። ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ኤዲንብራን ሲጐበኝ ፈላጊው በዛ። ከዚያ ወዲህ በየሱቁ «የእገሌ ጎሣ ጥንታዊ ጥለት» ከተባለው ብዙው በእርግጥ ከነጋዴው መዝገብ የተወለደ ነው።

ይህን ያየ ተመራማሪ በሐይቅና በአምባሰል «የወሎ ጥለት» ሲባል ሲሰማ ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንዳዘዘው፣ ስሙንስ ማን በየትኛው ዘመን እንዳወጣለት አስቀድሞ ሽማግሌ ሸማኔዎችንና ፈታዮችን ሊጠይቅ ይገባዋል። የሱቁን ስም እንደ ጥንት ታሪክ አድርጎ የመዘገበ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ በስድብ የተሸፈነውን ሸማኔ ዳግመኛ በውዳሴ ይሸፍነዋል።