ከአለንጋ ወደ ዕርቅ

በአገራችን ማስተማርና መግረፍ ለብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል። በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርኣን ቤት ፊደል የሳተ ልጅ አለንጋ ይቀምስ ነበር። ይህም እንደ ጭካኔ ሳይሆን እንደ አሳዳጊ ፍቅር ይቆጠር ነበር።

ነገር ግን ትውፊታችን ሌላም ነገር ይነግረናል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፈው ኮብልሎ እንደ ጠፋ ይተረካል። ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉን የወጣች ትል አየ። ተመልሶም ይቅርታ ጠየቀ፤ መምህሩም ተቀበለው። ልብ እንበል! አለንጋ ያባረረውን ልጅ ለዜማ ያበቃው በይቅርታ መመለሱ ነው።

ለአዋቂዎችማ ይህ ሥርዓት ነበራቸው። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣ ከፍሎ ይታረቅ ነበር። «ዕርቅ ደም ያደርቅ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ደም ያደረቀው ሥርዓት ለተማሪ ጠብ አለመጠራቱ ያስገርማል።

ሌሎች ግን ጠርተውታል። ኒውዚላንድ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ፣ ያጠፋ ወጣት ከቤተሰቡና ከተበዳዩ ጋር ተቀምጦ እንዲመክር አደረገች፤ ሐሳቡ ከማኦሪዎች የቤተ ዘመድ ጉባኤ የተቀዳ ነው። በ1994 ደግሞ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ፣ የማሩቺዶር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚሁ መንገድ የተማሪዎችን ጠብ መረመረ። ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? ጉዳቱ በምን ይካሳል? የጉባኤው ጥያቄ ይኸው ነው።

በእኛም አካባቢ የትምህርት ቤት ዱላ በሕግ ቀርቷል፤ በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36፣ በኬንያ ደግሞ በ2001 (እ.ኤ.አ.)። ሆኖም ሕግ ዱላውን ያስጥላል እንጂ የተጣላን አያስታርቅም።

ይህ ጉዳይ እኛን ስደተኞችን በብርቱ ይመለከተናል። ልጆቻችን ከልዩ ልዩ ሕዝብ ልጆች ጋር ባንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፤ የልጅ ጠብ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅም ወደ ሰፈር ይዛመታል። ከዱላ ሸሽቶ የመጣ ልጅም ሌላ መሸሻ የለውም። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ከየወገኑ ተመርጠው ከመምህራኑ ጋር ይቀመጡ። የጓደኛውን ደብተር የቀደደ ልጅ ተገርፎ ከሚረሳ፣ የጠፋውን ጽሑፍ በእጁ ይገልብጥለት።

ይህ ልጅን ማሞላቀቅ አይደለም። የበደሉትን ሰው ዓይን እያዩ መካስ ከአለንጋ ይከብዳል።