የቺንግን ዙፋን የጣሉት የራሱ ሊቃውንት

የቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት፣ የማንቹዎቹ ቺንግ፣ የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ በ1860 በወደቀ ነበር (ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ ገብቶ የበጋውን ቤተ መንግሥት አቃጠለ። ንጉሠ ነገሥት ሺያንፌንግ መናገሻውን ጥሎ ከታላቁ ግንብ ማዶ ሸሸ፤ በዓመቱም እዚያው ሞተ። በደቡብ ደግሞ የታይፒንግ ዓመፀኞች ናንጂንግን ይዘው የራሳቸው ንጉሥ መናገሻ ካደረጓት ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ያ የእርስ በርስ ጦርነት እስኪያበቃ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ዙፋኑ ግን ተረፈ። ከ51 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1911፣ በአንዲት ከተማ የተነሣ የወታደሮች ዓመፅ 268 ዓመት የኖረውን መንግሥት በአራት ወር ውስጥ አስወገደው። ያን ሁሉ መከራ የቻለ መንግሥት ለዚህኛው እንዴት ተሸነፈ? መልሱን በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ድካም ወይም በዓመፀኞቹ ብርታት ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ግማሹን ነው። በ1860 ለዙፋኑ የሞተለት የኅብረተሰብ ክፍል በ1911 ዙፋኑን ትቶት ሄዶ ነበር፤ እንዲተወው ያደረገውም ራሱ ቤተ መንግሥቱ ነው።

ይህ ክፍል በመንግሥት ፈተና ማዕረግ ያገኙት ሊቃውንት ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ቻይና 400 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት ወረዳዎቿ 1,300 ያህል ብቻ ነበሩ። አንድ የወረዳ ገዥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በጥቂት ጸሐፊዎችና አሽከሮች ብቻ ሊያስተዳድር አይችልም። ግብሩን የሚያስማማው፣ ጠበኛውን የሚያስታርቀው፣ መስኖውንና ትምህርት ቤቱን የሚያስጠግነው በየቀዬው ያለው ባለማዕረግ ሊቅ ነበር። እሱም በምላሹ ልጁ ኮንፊውሺየስን አጥንቶ ተፈትኖ ሹመት የሚያገኝበት በር ክፍት እንዲሆንለት ይጠብቃል። ታይፒንጎች ይህን ሁሉ ሊያፈርሱ ሲመጡ የንጉሡ መደበኛ ጦር ተበታተነ፤ ያዳነው ዜንግ ጉዎፋን የተባለ የሁናን ሊቅ ነው። የጦር ትምህርት አልነበረውም፤ የአገሩን ምሁራን መኮንን፣ ገበሬዎቹን ወታደር አድርጎ፣ በመንገድ ላይ በሚያልፍ ሸቀጥ ላይ በተጣለ አዲስ ቀረጥ እየከፈላቸው ናንጂንግን በ1864 አስመለሰ። ሲያበቃ ጦሩን አብዛኛውን በትኖ ለንጉሡ ታዛዥ ሆኖ ኖረ። ቀረጡና ክፍለ ጦር የማቋቋም ልምዱ ግን በክፍለ ሀገሮች እጅ ቀረ። ዙፋኑ ከዚያ በኋላ የኖረው በነዚህ ሰዎች ፈቃድ ነው ማለት ይቻላል።

በ1895 ጃፓን ቻይናን አሸንፋ 200 ሚሊዮን ቴል ብር ካሳ ጣለችባት። የቦክሰሮችን ዓመፅ ተከትሎ ደግሞ በ1901 ኃያላኑ 450 ሚሊዮን ቴል፣ በ39 ዓመት የሚከፈል፣ አስፈረሟት። እቴጌ ጺሺ በ1898 የወንድ ልጇን ያህል ያሳደገችውን ንጉሥ ጓንግሹን በቁም አስራ ያስቆመችውን ለውጥ አሁን ራሷ ጀመረችው። ለውጡ የይስሙላ አልነበረም፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። በ1905 ከ1,300 ዓመት በላይ የኖረው ፈተና ተሻረ። በጥቂት ዓመት ውስጥ 8,000 ያህል ተማሪዎች ጃፓን ተገኙ። በዘመናዊ መሣሪያ የሠለጠነ አዲስ ጦር ተቋቋመ፤ በ1909 ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ምክር ቤቶች ተከፈቱ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። ፈተናው ሲሻር የሊቁ ልጅ ከዙፋኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተቆረጠ፤ በምትኩ የሚገባበት ፓርላማ ግን ለዘጠኝ ዓመት ዝግጅት ተብሎ ተዘገየ። ሱን ያት-ሴን በ1905 አብዮታዊ ማኅበሩን ቶኪዮ ላይ ሲመሠርት ተከታይ የሆኑለት መንግሥት ለትምህርት ብሎ ያሻገራቸው ወጣቶች መሆናቸው አያስደንቅም።

ምክር ቤቶቹን የመሩት ግን አብዮተኞች አልነበሩም። የሲቹዋኑ ፑ ዲያንጁን፣ የሁቤዩ ታንግ ሁዋሎንግና የሁናኑ ታን ያንካይ ሦስቱም የመጨረሻውን የቤተ መንግሥት ፈተና በ1904 ያለፉ ናቸው። እንዲህ ያሉት ሰዎች በ1910 ፓርላማው ፈጥኖ እንዲከፈት ሦስት ጊዜ ለዙፋኑ አቤቱታ አቀረቡ። ጺሺና ጓንግሹ በ1908 በአንድ ቀን ልዩነት ሞተው፣ በሕፃኑ ፑዪ ስም የሚገዛው አባቱ እንደራሴው ልዑል ቹን ነበር። የሰጣቸው መልስ በግንቦት 1911 ታየ። የተሾመው ካቢኔ 13 አባላት ሲኖሩት ሃን ቻይናውያን አራት ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመዶች። ሕዝቡ የመሳፍንት ካቢኔ አለው። በማግስቱ ሌላ አዋጅ ወጣ፦ የግል ኩባንያዎች የጀመሯቸው ዋና የባቡር መስመሮች ለመንግሥት ይሁኑ፤ ለሥራውም ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባንኮች ይበደራል። የሲቹዋን ኩባንያ ገንዘብ ከመሬት ኪራይ በግዴታ ጭምር የተቆረጠ በመሆኑ ባለ ትንሽ መሬቱ ሁሉ ባለአክሲዮን ነበር። የኩባንያው ሹሞች ከገንዘቡ ከፊሉን በሻንጋይ ግብይት ላይ ማጥፋታቸው እውነት ነው፤ መንግሥት ይህን አልክስም ማለቱም በሒሳብ ረገድ ስሕተት የለበትም። በፖለቲካ ግን ጥፋት ሆነ። ቼንግዱ ላይ ሕዝቡ አድማ ሲመታ የተሸከመው የዓመፅ ባንዲራ አልነበረም፤ የሟቹን የንጉሥ ጓንግሹን ጽላት በየደጁ አቁሞ ዕጣን እያጤሰ ነበር የሚጮኸው። ገዥው ዣኦ ኤርፌንግ መስከረም 7 ቀን ፑ ዲያንጁንንና ጓደኞቹን አሰረ፤ እንዲፈቱለት ጽላቱን ይዞ በመጣው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ ቀን በኋላ የሲቹዋንን ሊቃውንት ለቺንግ ታማኝ የሚያደርጋቸው ነገር አልቀረም።

ሲቹዋንን ለማርገብ ከሁቤይ ወታደር ተወሰደ። በቀሩት መካከል አብዮተኞች ሰርገው ገብተው ነበርና ጥቅምት 9 ሃንኮው ላይ ቦምብ ሲያዘጋጁ ድንገት ፈነዳባቸው፤ የስም ዝርዝራቸው በፖሊስ እጅ ወደቀ። በማግስቱ ማታ የዉቻንግ ወታደሮች ከመያዝ ማመፅ ይሻላል ብለው ተነሡ። መሪ ስላልነበራቸው ሊ ዩዋንሆንግ የተባለውን የራሳቸውን አዛዥ በግድ ሾሙት፤ ሱን ያት-ሴን ነገሩን የሰማው አሜሪካ፣ ዴንቨር ሆኖ ነው። ይህ እስኪበርድ ተጠብቆ ሊታፈን የሚችል ዓመፅ ነበር። ያልታፈነው የሁቤይ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ታንግ ሁዋሎንግ ከዓመፀኞቹ ጋር ስለቆመ ነው። በሁናን አብዮተኛው ገዥ በአሥር ቀን ያህል ውስጥ ተገድሎ ታን ያንካይ ቦታውን ያዘ። በጂያንግሱ የንጉሡ ሹም ቼንግ ዴኳን በዚያው መንበር ላይ እንደተቀመጠ የሪፐብሊክ ገዥ ተባለ። እስከ ኅዳር መጨረሻ አብዛኛው ክፍለ ሀገር ከቤጂንግ ተለይቷል።

ዙፋኑን የገደለው የውጭ ወራሪ ነው የሚሉ አሉ። ካሳው አንገት እንደቆለመመ አይካድም፤ ሆኖም ባዕዳን በ1860 ዋና ከተማውን ይዘው ሳይጥሉት በ1911 ጣሉት ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ብድሩን ያዋሱት እነሱ ናቸው። ሌላው መከራከሪያ የሃንና የማንቹ ጥላቻ ነው። ይህ ከባዱ ነው፤ በሺአንና በናንጂንግ ማንቹዎች ተጨፍጭፈዋል። ግን ጥላቻው ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሊቃውንቱም ያን ሁሉ ዘመን ለማንቹ ንጉሥ አገልግለዋል። የፖለቲካ ኃይል ያደረገው ሥልጣን ሲከፋፈል በዘር መከፋፈሉን በገሃድ ያሳየው ካቢኔ ነው። እንግዲህ ለውጡ ባይጀመር ይሻል ነበር? ከ1901 በኋላ መቆም አይቻልም ነበር። የተሳሳተው ለውጡ አይደለም፤ አሮጌውን ጥቅም ነጥቆ አዲሱን መከልከሉ ነው።

የነገሩ ውጤትም ይህንኑ ያሳያል። ሊቃውንቱ ዙፋኑን ቢተዉም መሬታቸውን ሊነካ የሚችል አብዮት አልፈለጉም። ስለዚህ ጥር 1 ቀን 1912 ናንጂንግ ላይ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት የሆነውን ሱንን ትተው ጦር ያለውን ዩዋን ሺካይን መረጡ። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ያገኘው ጥቂት ነው፤ ያልተነካው የመሬት ጥያቄ ቆይቶ ለኮሚኒስቶቹ ተረፈ። የካቲት 12 ቀን 1912 እቴጌ ሎንግዩ በስድስት ዓመቱ ፑዪ ስም የዙፋን መልቀቂያውን አዋጅ አወጣች። ረቂቁን የጻፈው ዣንግ ጂያን እንደነበር ይነገራል፤ የጂያንግሱ ምክር ቤት ሊቀ መንበርና በ1894ቱ የቤተ መንግሥት ፈተና አንደኛ የወጣው ሰው።