ባዶው ሰማይ፦ የፎቶግራፍ አንሺዎች የብርሃን ትግል ከኮሎዲዮን ሰሌዳ እስከ እየሳሳ የሚሄድ ፊልተር



በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ለሚያጠና ሁሉ የታወቁ ምንጮች ናቸው። አምባውና ገደሉ ጎልተው ይታያሉ፤ ከበላያቸው ያለው ሰማይ ግን በብዙዎቹ ላይ እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነጭ ነው። ከዚህ ተነሥተን ስለ ዕለቱ አየር መናገር እንችላለንን? አንችልም። ያ ነጭነት የሰማዩ ሳይሆን የሰሌዳው ጠባይ ነውና። የዛሬው ንግግሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ባዶ ሰማይ ለመሙላት ያደረጉትን ጥረት ይከተላል፤ ጥረታቸውም ለእኛ ለታሪክ አጥኚዎች ያስከተለውን ጥያቄ ያነሣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከኬሚስትሪ ነው። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ያደረገው የኮሎዲዮን ዘዴ ብርሃን የሚቀበለው በመስታወት ላይ በተቀባ የብር ጨው አማካይነት ነበር። ይህ ጨው ለሰማያዊና ለወይን ጠጅ ብርሃን እጅግ ንቁ ሲሆን ለአረንጓዴ ደካማ፣ ለቀይ ደግሞ ዕውር ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለመሬቱ የሚበቃ ጊዜ ሲሰጠው ሰማዩ ይቃጠላል፤ ለሰማዩ ሲመጠንለት መሬቱ ይጨልማል። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ በአድማሱና በመሬቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከመስፋቱም በላይ የሰዓቱ መለያ የሆነው ቀይ ብርሃን በሰሌዳው ላይ እምብዛም አይመዘገብም።

የመጀመሪያው መፍትሔ የተገኘው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ኢፖሊት ባያር ለሰማይና ለመሬት የተለያዩ ኔጋቲቮችን መጠቀም እንደሚቻል በ1852 ሐሳብ አቀረበ። የአገሩ ልጅ ጉስታቭ ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 ባነሣቸው የባሕር ፎቶግራፎች ዘዴውን ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሰው። በሴት ወደብ ያነሣው «ታላቁ ማዕበል» ሁለት ኔጋቲቮች በአድማሱ መሥመር ላይ ተጋጥመው የታተሙበት ነው። ነገር ግን ያው አንድ ሰማይ ከአንድ በላይ በሆኑ ሥራዎቹ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ልብ በሉ፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው መፍትሔ ወደ ካሜራው ራሱ ተሻገረ። በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1869 «የሰማይ ጥላ» ያለውን መሣሪያ አስተዋወቀ። መሣሪያው ከሰማዩ የሚመጣው ብርሃን ወደ ሰሌዳው የሚገባበትን ጊዜ ከመሬቱ ያሳጥረዋል። እየሳሳ የሚሄደው ፊልተር የተመሠረተበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልዩነቱን ከታተመ በኋላ ከመጠገን ይልቅ ብርሃኑ ከመድረሱ በፊት መግታት።

ኬሚስትሪውም ቆሞ አልጠበቀም። ጀርመናዊው ሄርማን ቪልሄልም ፎግል በ1873 ቀለሞችን በመጨመር ሰሌዳውን ለሌሎች የብርሃን ዓይነቶች ማንቃት እንደሚቻል ደረሰበት። በ1906 ደግሞ ሁሉንም ቀለም የሚያዩ ሰሌዳዎች በእንግሊዝ ለገበያ ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ቢጫና ቀይ ፊልተር ሰማያዊውን ሰማይ ለማጥቆር በቂ ሆኑ፤ አንሰል አዳምስ በ1927 በዮሴሚቲ ያነሣው የሃፍ ዶም ፎቶግራፍ በቀይ ፊልተር የተሠራ ነው። ሆኖም ይህ መንገድ ሁለት ወሰን አለው። ጀምበር ስትጠልቅ የቀላውን ሰማይ ቀይ ፊልተር አያጠቁረውም፤ በባለ ቀለም ፊልም ላይም ምስሉን በሙሉ ያቀላዋል።

ስለዚህ የራሱ ቀለም የሌለው፣ ከላይ ግራጫ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ መስታወት ብቻ የሚሆን ፊልተር አስፈለገ። መጠኑ የሚለካው በስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። 0.3 የተባለው አንድ ስቶፕ፣ 0.6 ሁለት፣ 0.9 ሦስት ይቀንሳሉ፤ የመጨረሻው የሚያሳልፈው ከስምንት አንዱን እጅ ነው። ለተዘረጋ የባሕር አድማስ ሽግግሩ ድንገተኛ የሆነው፣ ለተራራማ አገር ቀስ በቀስ የሚሳሳው ይመረጣል። ፀሐይዋ አድማሱ ላይ ስትሆን ደግሞ ከመሐል ጠቁሮ ወደ ላይ የሚሳሳ ዓይነት አለ። ፈረንሳዊው ዣን ኮኬን በ1978 ያቀረበው ካሬ ፊልተርና መያዣው አንሺው መሥመሩን እንደ አድማሱ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ አስቻለው። አሜሪካዊው ተራራ ወጪ ጌለን ራውልም የብርሃን ልዩነትን እምብዛም በማይሸከመው የስላይድ ፊልም የንጋትና የምሽት ተራሮችን በዚህ መንገድ አንሥቷል።

በ2008 ላይትሩም የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይኸንኑ ፊልተር በስሙ አካተተ። ነገር ግን ካሜራው ሳይመዘግበው የተቃጠለን ሰማይ ማንም ፕሮግራም አይመልሰውም። ብዙ ምስሎችን በአንድ የሚያዋሕደው የዘመኑ ዘዴም ወደ ለ ግሬ የጨለማ ክፍል የመመለስ ያህል ነው።

እንግዲህ ፊልተር ማታለል ነውን? አይመስለኝም። ዓይናችን ከሰማዩ ወደ መሬቱ ሲዘዋወር ራሱን እያስተካከለ ሁለቱንም ያያል፤ በዚህ ሚዛን ባዶው የመቅደላ ሰማይ ከተገታው ሰማይ ይልቅ ከእውነት ይርቃል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ፊልተር የሚገታው የዚያኑ ቅጽበት ብርሃን ነው፤ ተጋጥሞ የታተመ ሰማይ ግን የሌላ ሰዓት ምስክር ነው። የመጀመሪያው የማስረጃውን መጠን ይለውጣል፤ ሁለተኛው ማስረጃውን ራሱን። ፊልተሩም ቢሆን አሻራ ይተዋል፤ ከአድማሱ በላይ የወጣው የተራራ ጫፍ ያለ ምክንያት ከጠቆረ መሥመሩ ያለፈው በዚያ ነው።

ስለዚህ የቆየ ፎቶግራፍ በእጃችሁ ሲገባ ከሰዎቹና ከሕንፃዎቹ በፊት ቀና ብላችሁ ሰማዩን ተመልከቱ። ሰሌዳው ማየት የቻለውንና ያልቻለውን፣ አንሺውም የጨመረውንና የገታውን አስቀድሞ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።