መልክ ሲያሳስት፤ እንጉዳይን የመለየት ጥበብ ታሪክ

በ1767 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ስሙ የታወቀ ዮሐን ሾበርት የተባለ የሙዚቃ ደራሲ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ እንጉዳይ ለቀመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የለቀሙትን ይዘው ወደ አንድ ምግብ ቤት ቢገቡ ወጥ ሠሪው መርዘኛ ነው በማለት አልሠራም አለ። ወደ ሌላ ምግብ ቤት ቢሄዱም መልሱ ያው ሆነ። አብሯቸው የነበረ አንድ ሐኪም ግን እንጉዳዩ የሚበላ መሆኑን በእርግጠኝነት ስለነገራቸው፣ ወደ ቤት ወስደው አሠርተው በሉት። ሾበርትም ሆነ ባለቤቱ፣ ሐኪሙም ጭምር ከሞት አልዳኑም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ወጥ ሠሪዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የተማረው ሰው ተሳሳተ። ሆኖም ሁለቱን ተቃራኒ ቃሎች አቅርቦ የሚዳኝ የጋራ መለኪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ መለኪያ ቀስ በቀስ እንዴት እንደተገኘ፣ ምን ያህልም ሕይወት እንዳስከፈለ በአጭሩ ማሳየት ነው።

የችግሩን ምንነት ለመረዳት በደቡብ አውሮፓ ደኖች የሚበቅሉትን ሁለት ደማቅ እንጉዳዮች ማነጻጸር ይበቃል። አንደኛው የቄሣር እንጉዳይ የሚባለው ነው። ቆቡ ብርቱካንማ ቀይ ሲሆን ከጥንት ሮማውያን ዘመን ጀምሮ ለጣዕሙ የተከበረ ነው። ሁለተኛው የዝንብ እንጉዳይ ነው። ቀይ ቆቡ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ የተበተነበት ይመስላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ባይገድልም አእምሮን የሚያዛባ መርዝ አለበት። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚለየው በነጫጩ ነጠብጣብ ነው። ይሁን እንጂ ብርቱ ዝናብ ነጠብጣቡን አጥቦ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ መርዘኛው የምግቡን መልክ ይዞ ይቀራል። አስተማማኙ ልዩነት ያለው ዓይን ቀድሞ በማያርፍበት ቦታ ነው። የቄሣር እንጉዳይ አገዳና በቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩት ስስ ክፋዮች ቢጫ ናቸው፤ የአገዳው ግርጌም ስልቻ በመሰለ ነጭ ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። የዝንብ እንጉዳይ አገዳና ክፋዮች ግን ነጭ ናቸው።

የጥንት ሰዎች ልዩነቱን ከእንጉዳዩ አካል ይልቅ ከአካባቢው ይፈልጉ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪክ ሐኪም ዲዮስቆሪዲስ፣ እንጉዳይ የሚመርዘው በዛገ ብረት፣ በበሰበሰ ጨርቅ ወይም በእባብ ጉድጓድ አጠገብ ሲበቅል ነው ብሎ ጽፏል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመናት ከእንጉዳይ ጋር የተቀቀለ የብር ማንኪያ ከጠቆረ መርዝ አለ፣ ካልጠቆረ የለም የሚል እምነት ጸንቶ ኖሯል። ብርን የሚያጠቁረው ግን የድኝ ውሑድ ነው። ገዳዩ መርዝ ብርን ስለማያጠቁር፣ የነጣ ማንኪያ ለመርዘኛው እንጉዳይ የሐሰት ምስክር ሆኖ ቆይቷል።

የተሻለው መንገድ የተጀመረው ዓይነቶችን አንድ በአንድ በመመዝገብ ነው። በአማርኛችን እንጉዳይ ወይም የጅብ ጥላ ስንል ብዙ ዓይነቶችን በአንድ ስም እንደምናጠቃልል ሁሉ፣ በሌሎችም አገሮች የወል ስሞች ልዩነትን ይሸፍኑ ነበር። ክሉሲየስ የተባለው ሊቅ በ1601 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራ የሃንጋሪን አካባቢ እንጉዳዮች የሚበሉና የሚጎዱ ብሎ ለይቶ፣ የአገሬው ሰው የሚጠራባቸውንም ስሞች መዘገበ። በ1729 ዓ.ም. የፍሎሬንሱ ሚኬሊ የእንጉዳይን ረቂቅ ዘር፣ ማለትም ስፖሩን መርምሮ፣ የሻጋታን ስፖር በፍራፍሬ ቁራሽ ላይ ቢዘሩት ያው ዓይነት መልሶ እንደሚበቅል አሳየ። በ1821 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድኑ ኤሊያስ ፍሪስ የስፖሩን ቀለም ለምደባ ዋና መሠረት አደረገው። ቆቡን ከአገዳው ቆርጦ ወረቀት ላይ ደፍቶ ማሳደር ብቻ በቂ ነው፤ በማግስቱ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የዱቄት ቀለም ዝናብም ፀሐይም እንደ ቆቡ የሚለዋውጠው አይደለም።

ይህም ምልክት ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ከላይ የተነጻጸሩት ሁለቱ እንጉዳዮች ስፖራቸው ነጭ በመሆኑ በዚህ አይለያዩም። ከዚህም በላይ ምደባ የዘመድነትን ነገር እንጂ የመርዝን ነገር አይነግርም። በዚህ ረገድ ኬሚስቶች ብዙ ደክመዋል። ከሁሉ የከፋው፣ የሞት ቆብ የሚባለው አረንጓዴያማ እንጉዳይ ከያዛቸው መርዞች አንዱ በ1937 ዓ.ም. በሙኒክ በሊነንና በኡልሪሽ ዊላንድ፣ ገዳዩ አማኒቲን ደግሞ በ1941 ዓ.ም. በሃይንሪሽ ዊላንድና በባልደረቦቹ ተለይቶ ወጣ። ይህ መርዝ በመቀቀልም በማድረቅም አይጠፋም። ሕመሙ በአብዛኛው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ጋብ ይላል፤ ሕመምተኛው ዳንኩ ሲል ጉበቱ መጥፋት ይቀጥላል።

ዕውቀቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ እንኳ ከባድ ትምህርት ቀርቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በፖላንድ 102 ሰዎች ተመርዘው 11ዱ ሞቱ። ምክንያቱ ዝገት የሚመስል ቀለም ያለው፣ እስከዚያ ድረስ ጉዳት የለውም ተብሎ የታመነ እንጉዳይ ነበር። ምሥጢሩ የቆየው መርዙ ኩላሊትን የሚያጠቃው ቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው። ከዚያን ያህል ጊዜ በፊት የበላውን እንጉዳይ ከሕመሙ ጋር የሚያያይዝ ማን ነው? ግንኙነቱን ያረጋገጠው የሐኪሙ የግዚማላ ጥናት በ1957 ዓ.ም. ታተመ። ጉዳት አልታየም ማለትና ጉዳት የለም ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ትክክለኛ ዕውቀትም ቦታ ሲለወጥ ሊከዳ ይችላል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ካሊፎርኒያ ከፈለሱ ሰዎች መካከል የሞት ቆብን ለጋ በአገራቸው ከሚበላው የገለባ እንጉዳይ ጋር አምታተው የተመረዙ አሉ። ሁለቱም በለጋነታቸው በሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። የገለባው እንጉዳይ ስፖር ሐምራዊ ቀላ ያለ፣ የሞት ቆቡ ነጭ ቢሆንም፣ ለጋው ገና ስፖር ስለማይጥል ምልክቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም። ለቃሚዎቹ አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ዕውቀታቸው የተፈተነበት አገር ሌላ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. አንድ የተወሰነ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ለእንጉዳዮችና ለዘመዶቻቸው መለያ ምልክት እንዲሆን በሊቃውንት ተመርጧል። በዚህም አንድ ናቸው የተባሉ ብዙ ዓይነቶች የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ በጫካ ውስጥ ዘንቢል ይዞ ለቆመ ሰው አይደርስለትም። ለእርሱ የሚበጀው ቆብን፣ ክፋይን፣ አገዳን፣ ግርጌንና ስፖርን አንድ ላይ መመርመር፣ አንዱ እንኳ ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ መተው ነው።

እኛ መሐንዲሶች ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንብንም። የብረትን ጥንካሬ በመልኩ አንፈርድም፤ ድልድይም እስከ ዛሬ አልወደቀም ተብሎ ብቻ ተጨማሪ ጭነት አይፈቀድለትም። በ1767ቱ ክርክር ውስጥ ሐኪሙን ያሳሳተው የዕውቀት ማነስ ብቻ አይመስለኝም። እርሱ መርዝ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ምግብ ነው ብሎ ተነሣ፤ ወጥ ሠሪዎቹ ግን ምግብ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ምድጃቸው ላይ አልጣዱትም። የሰው ሕይወት በሚታመንበት ሥራ ሁሉ የማረጋገጥ ግዴታ የሚወድቀው ደኅና ነው በሚለው ወገን ላይ ነው።