ግሸን ደብረ ከርቤና የመስቀል ትርጉም

ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ ዙሪያው በገደል የታጠረ አምባ ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጌታ ከተሰቀለበት መስቀል አንዱ ክፍል፣ ግማደ መስቀሉ፣ በዚሁ አምባ አርፏል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከመላ አገሪቱ ይሰበሰቡበታል። መስቀል በኢትዮጵያ ያለፈበትን የትርጉም ጉዞ ከዚህ አምባ በተሻለ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

በአክሱም መስቀል ቀድሞ የታየው በንጉሥ ገንዘብ ላይ ነው። ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ተነሥቶ መስቀል ገባ። ከእርሱ በኋላ የነገሠው መሐድይስ ደግሞ በመዳብ ገንዘቡ ላይ በመስቀሉ ድል እንደሚገኝ በግእዝ አስቀረጸ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ312 ቆስጠንጢኖስ አየው ከሚባለው ራእይ ጋር አንድ ነው። በዚያ ዘመን መስቀል የመንግሥትና የድል ማኅተም ነበር፤ ተራው ገበሬ ምን ያህል የራሱ እንዳደረገው ከሳንቲም ማንበብ አይቻልም።

ምልክቱን ወደ ገጠሩ ያደረሱት በዋናነት ገዳማት ናቸው። ከግሸን ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደራጁት ገዳም ብዙ መነኮሳትን አፍርቷል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። ካህኑ በያዘው የእጅ መስቀል ሲባርክና ምእመኑ ሲሳለመው፣ የድል ዓርማ የነበረው መስቀል የበረከት መስቀል ሆነ።

ግሸን ግን በዚያው ዘመን ሌላ ሥራ ነበረው። ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ተይዘው የሚጠበቁበት አምባ ነበር። ከእነርሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደነበረ ይታመናል። በትውፊቱ መሠረት ግማደ መስቀሉን ከግብጽ ያስመጡት አባቱ ዐፄ ዳዊት ሲሆኑ፣ ዘርዐ ያዕቆብ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስፍራ እንዲፈልግ በራእይ ታዝዞ አገር ለአገር ከዞረ በኋላ በግሸን አኖረው። ይህን የሚተርከው «መጽሐፈ ጤፉት» በግሸን የሚጠበቅ ነው።

ትልቁ ለውጥ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። እስከዚያ ድረስ መስቀል በሰው እጅ የሚሠራ ነበር። በግሸን ግን ምድሩ ራሱ መስቀል ሆኖ ተነበበ። ገደሉም የንጉሥን ልጅ እንዳያመልጥ ከመከልከል አልፎ ቅዱሱን ነገር የሚጠብቅ ሆነ። የእስረኞቹ አምባ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል እስር ቤቱና መቅደሱ ጎን ለጎን ኖረዋል።

ዘርዐ ያዕቆብ በተራራው ብቻ አልተወሰነም። ክርስቲያኖች በልብሳቸው፣ በጦር መሣሪያቸውና በማረሻቸው ላይ የመስቀል ምልክት እንዲያደርጉ አዘዘ። ምልክቱ አሁን የማንነትና የታዛዥነት መለያ ሆነ፤ ይህም ዋጋ አስከፈለ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል መስገድን ያልተቀበሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ለሥላሴ ብቻ እንሰግዳለን በማለታቸው ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል፣ ተገድለዋል። ስማቸው ከሐይቁ ገዳም ጋር ቢመሳሰልም የተጠሩት በመሪያቸው በአባ እስጢፋኖስ ነው። የፍቅር ምልክት የሆነው መስቀል የመቅጫ ምክንያት መሆኑ በታሪካችን በሐዘን ሊነገር የሚገባው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ሐይቅን ያዘ፤ ግሸንም በ1540 ገደማ በእጁ ወደቀ። የነገሥታቱ ልጆች እስር ቤትነት በዚያው አበቃ፤ በጎንደር ዘመን ተመሳሳይ አገልግሎት የሰጠው የወህኒ አምባ ነው። ግሸን ከዚያ በኋላ የተሳላሚ ቦታ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በአምባው ላይ የእግዚአብሔር አብና የማርያም አብያተ ክርስቲያናት ይታወቃሉ። መስከረም 10 የሚከበረው ዐፄ መስቀል የዳዊትን መቀበል፣ መስከረም 17 የሚከበረው መስቀል የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ መስቀሉን መፈለጓን ሲያስቡ፣ መስከረም 21 ደግሞ የመስቀሉንና የእመቤታችንን በዓል በአንድነት ያከብራል። ተሳላሚው ስለቱን ይዞ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ ብዙዎችም ከአምባው ውኃና አፈር ለበረከት ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ።