የንግድ ሕግ ተማሪ ርዕሱን ከየት ያመጣ ነበር?

አዲስ አበባ ላይ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከ1,100 በላይ አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ ማብራሪያ መጽሐፍ አልነበረውም፤ የታተመ የፍርድ ቤት ውሳኔም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ታዲያ ስለ ኪሳራ ወይም ስለ አክሲዮን ማኅበር ልጻፍ ያለ ተማሪ ምን ይዞ ይነሳ? በዚያው ዓመት መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ፍርዶችን እያወጣ ክፍተቱን በጥቂቱ ደፈነለት።

የአርቃቂዎቹ ሐሳብም ሩቅ ነበር። ረቂቁን በፈረንሳይኛ የጀመሩት የፓሪሱ ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሥራውን ሳይጨርሱ እ.ኤ.አ. በ1955 አረፉ፤ አልፍሬድ ዦፍሬ ተረክበው ፈጸሙት። ማስታወሻዎቻቸውን ፒተር ዊንሺፕ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አዲስ አበባ ላይ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ምን ያደርጋል፣ ጊዜው ከፋ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ ተከትለውም ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። ሕጉ አልተሻረም፤ አክሲዮን ማኅበር የሚያቋቁም ሰው ግን ጠፋ።

ከዚያ በፊት ከተጻፉት ውስጥ የኤቨረት ጎልድበርግ ጽሑፍ የርዕስ አመራረጥ ምን እንደሆነ ያሳያል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1972 በሕግ መጽሔቱ ላይ ያነሱት የንግድ ምልክት ጥበቃን ነው። ያኔ ራሱን የቻለ የንግድ ምልክት አዋጅ በአገሩ አልነበረም፤ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 501 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። በእጅ ያለው በንግድ ሕጉ ውስጥ ያልተገባ ውድድርን የሚከለክለው ክፍልና እሱን የመሳሰለ ቁርጥራጭ ድንጋጌ ነበር። ሕግ በሌለበት ርዕስ መምረጥ ድፍረት ይመስላል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እንዲህ ያለው ነው።

እሽሙር ማኅበርም እንዲሁ ፈታኝ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከዘረዘራቸው ስድስት የንግድ ማኅበራት አንዱ ሲሆን፣ አይመዘገብም፣ ለሦስተኛ ወገንም አይገለጽም፤ መርካቶ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች በቃል ተስማምተው ዕቃ ሲያስመጡ የሚፈጥሩት ዓይነት ነው። ስለዚህ አጥኚው ንግድ መዝገብ ቢሄድ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሸሪኮቹ ተጣልተው ካልተካሰሱ በቀር ወረቀት የለም፤ ካለም ያለው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ አቧራ የጠጣ ፋይል ውስጥ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የባንክና የመድን ሥራ ለግል ባለሀብት ሲፈቀድ የተኛው ሕግ ነቃ። የ1952ቱ ሕግ ለአክሲዮን ማኅበር የጠየቀው ቢያንስ አምስት መሥራችና 50,000 ብር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባለአክሲዮኖቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ባንኮች መጡ፤ ጠቅላላ ጉባኤው አዳራሽ ሞልቶ ጥቂቶች ድምፁን ሲወስኑ ታየ። የአናሳ ባለአክሲዮኖች መብት የመመረቂያ ጽሑፍ መደበኛ ርዕስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እስኪሰለች ተጽፎበታል ማለት ይቻላል።

የበለጠ የቀየረው ግን አዋጅ ቁጥር 454/1997 ይመስላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ሆነ፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታተሙ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ከአንቀጹ ሳይሆን ከክርክሩ መነሳት ቻለ፦ ማን ምን ጠየቀ፣ የሥር ፍርድ ቤት ምን አለ፣ ሰበር ለምን ሻረው?

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበረውን ተክቶ የአንድ ሰው ኩባንያን አስገባ። የቀድሞው ሕግ ሦስተኛና አራተኛ መጽሐፍ፣ ማለትም የማጓጓዝና የመድን፣ የተላላፊ ሰነዶችና የባንክ ክፍል፣ አልተነካም። ስለዚህ ስለ ደረቅ ቼክ የሚጽፍ ተማሪ ዛሬም የሚገልጠው የ1952ቱን ሕግ ነው፤ አማካሪ መምህሩ ጠንከር ያሉ ከሆነም የእነኤስካራን ማስታወሻ እንዲያነብ መላካቸው አይቀርም።