የመርዝ ጢስና የአቶሚክ ቦምብ

ኃይል የሌለው ሕግ ደካማውን አያድነውም፤ ሕግ የሌለው ኃይልም ባለቤቱን እንኳ ከሥጋት አያሳርፈውም። ኢትዮጵያ ይህን ነገር የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን በልጆችዋ ሥጋ ላይ ከደረሰው መከራ ነው።

በ1917 ዓ.ም. ብዙ መንግሥታት በዠኔቭ ተሰብስበው በጦርነት ጊዜ የመርዝ ጢስ እንዳይጣል ተዋዋሉ፤ ኢጣልያም በ1920 ዓ.ም. ውሉን አጸደቀች። ኢትዮጵያ በበኩልዋ በቡራዩ አልፎ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ በሆለታ ገነት፣ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት አቁማ በስዊድን መኰንኖች ወጣቶችን ታስተምር ጀመር። ነገር ግን ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰ። በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ መርዝ ጣሉ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ግፉን አስረዱ፤ ማኅበሩ ግን ብዙም ሳይቈይ በኢጣልያ ላይ የጣለውን የንግድ ቅጣት አነሣ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፓ ታላላቅ መንግሥታት መርዙ በግምጃ ቤታቸው ሞልቶ ሳለ በጦር ሜዳ በሰፊው አልተወራወሩበትም፤ ጃፓን ግን አጸፋውን ለመመለስ በማይችለው በቻይና ሠራዊት ላይ ጣለችው። እንግዲህ ታላላቆቹን የከለከላቸው ፊርማቸው ብቻ ሳይሆን የአጸፋው ፍርሃትም ነበረ። በ1937 ዓ.ም. በሂሮሺማና በናጋሳኪ አቶሚክ ቦምብ ከተጣለ ወዲህም ይኸው ፍርሃት ቦምቡ ላላቸውና ለወዳጆቻቸው ጋሻ ሆነ። ለሌላው ሕዝብ የቀረለት ጋሻ ሕግ ነው።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ሆና ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ አቀረበች፤ ጉባኤውም ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚህ መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን በ1653ኛው ውሳኔው አስታወቀ። የዠኔቩም ውል በውሳኔው ውስጥ ተጠቀሰ። 55 መንግሥታት ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፃቸውን ያዙ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ፣ ሶቪየት ኅብረት ከደጋፊዎቹ ወገን ነበሩ። ኋላም አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ውል ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. በካይሮ ተፈርሞ በ2001 ዓ.ም. ጸና።

እንዲህ ያለው ውሳኔ ብቻውን ቦምብን አያስቀርም፤ የ1917ቱም ውል መርዙን አላስቀረም። ነገር ግን ያ ውል ባይኖር ኖሮ በተከዜ የተፈጸመው ግፍ የሚከሰስበት ሕግ ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ አስተዋይ መንግሥት የጦር ትምህርት ቤቱን ሲያቆም ውሉንም ይጠብቃል፤ ከሁለቱ አንዱን የተወ ሁለቱንም ያጣል።